ከጸሎት ቤቱ ጓዳ የወጣ ሹክሹክታ

ጠጋ በሉ፤ ይህ ጮክ ተብሎ የሚወራ አይደለም።

ሜይ 5 ቀን 2022 ካርዲፍ ውስጥ በአንድ ምርጫ ጣቢያ በጸሐፊነት ተቀምጬ ነበር። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዌልስ የአካባቢ ምክር ቤት ምርጫ፣ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የውጭ አገር ዜጋም ድምፅ እንዲሰጥ የተፈቀደበት ጊዜ ስለነበር የእኛ ሰዎችም መጥተው ነበር። ወደ ሰባ የተጠጉ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። ስማቸውን ከመዝገቡ ፈልጌ ወረቀቱን ስሰጣቸው ገለበጥ አድርገው አዩት። ከጀርባው ቁጥር አለ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ ይቺ ቁጥር የምን ናት? ማንን እንደመረጥኩ ይታወቅብኛል እንዴ?» አሉኝ።

«አይታወቅም እማማ፤ ቆጠራው ሲያልቅ ይታሸጋል፤ ፍርድ ቤት ካላዘዘ ማንም አይከፍተውም፤ ዓመት ሲሞላው ይወገዳል» አልኳቸው።

ለአፍታ ዐይን ዐይኔን አዩኝ። ከዚያ ወረቀቱን ይዘው ወደ መከለያው ሄዱ፤ ሲመለሱም ጥቅልል አድርገው አጥፈውት ነበር።

የነገርኳቸው መመሪያው የሚለውን ነው። ያልነገርኳቸው ደግሞ ይህንኑ ጥያቄ የዚህ አገር ገበሬ ከመቶ ዓመት በፊት በዌልሽ ቋንቋ ይጠይቀው እንደነበር ነው። ፍርሃቱም ከባዶ ሜዳ የበቀለ አልነበረም። ከ1872 በፊት በብሪታንያ ድምፅ የሚሰጠው በአደባባይ ነው። ጭሰኛው በሰው ሁሉ ፊት፣ የባለርስቱ ወኪል እያየው፣ የሚመርጠውን ሰው ስም በአፉ ይናገራል፤ ጸሐፊ ይጽፋል። በመሪዮነዝሺር በ1859፣ በካርዲጋንሺርና በካርማርዘንሺር ደግሞ ከ1868ቱ ምርጫ በኋላ፣ ከጌታቸው ፈቃድ ውጪ የመረጡ ጭሰኞች ከመሬታቸው ተነቀሉ። አያት ድንጋይ የለቀመበትን፣ አባት አጥር ያጠረበትን እርሻ ጥለው ወጡ። የመርተር ቲድቪል ተወካይ ሄንሪ ሪቻርድ በ1869 ጉዳዩን ፓርላማ ፊት አቀረበው፤ ከሦስት ዓመት በኋላም በምሥጢር ድምፅ የሚሰጥበት ሕግ ወጣ። «ጭሰኛ» የሚለውን ቃል አውቄ ነው የተጠቀምኩት። ለአማርኛ አንባቢ ከዚያ በላይ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ሕጉ ምሥጢርን አመጣ፤ ቁጥሩንም ግን አብሮ አመጣ። ጸሐፊው የመራጩን የመዝገብ ቁጥር በድምፅ መስጫው ጉርድ ላይ ይጽፍ ነበር፤ ጉርዱና ወረቀቱ አንድ ቁጥር ነበራቸው። ማጭበርበር ቢኖር በፍርድ ቤት ለመመርመር ታስቦ ነው። አባቱ ከመሬቱ ሲነቀል በልጅነቱ ላየ ሰው ግን ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም። ስለዚህ በዌልስ ገጠር ምርጫ ለማሸነፍ ከንግግር ችሎታ በፊት ሌላ ነገር ያስፈልግ ነበር፤ ሰው የሚተማመንበት ቤት።

ያ ቤት ጸሎት ቤቱ ነው። ወደ ጓዳው ላስገባችሁ የፈለግሁትም ለዚህ ነው። በማርች 1904 በተደረገው የካውንቲ ምክር ቤቶች ምርጫ፣ መንመዝሺርን ጨምሮ የዌልስን 13 ካውንቲዎች በሙሉ ሊበራሎች ያዙ። አንድም አልቀረ። ይህን የታሪክ መጻሕፍት ሁሉ ይናገራሉ፤ ልክም ናቸው። እኔ በጠረጴዛዬ በኩል ሆኜ ስመለከተው ግን ያ ምርጫ ማርች ላይ የተደረገ አይመስለኝም። ማርች ላይ የተደረገው ቆጠራው ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ፣ የካውንቲ ምክር ቤት የሚባለው ነገር ራሱ ያኔ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ በፊት መንገዱን፣ ድልድዩን፣ ፖሊሱንና የአካባቢ ግብሩን የሚያዙት ማንም ያልመረጣቸው ዳኞች ናቸው፤ ዳኞቹ ደግሞ ባለርስቶቹ ራሳቸው። በ1888 በወጣው ሕግ ሥራው ለተመረጡ ምክር ቤቶች ተላለፈ። በጃንዋሪ 1889 የመጀመሪያው ምርጫ ሲደረግ ከብሬክንሺር በቀር ዌልስ በሙሉ በሊበራሎች እጅ ገባ። በደንቢሺር የምክር ቤቱ የመጀመሪያ ሊቀመንበር የሆነው ቶማስ ጂ ነው፤ ሰባኪ፣ ማተሚያ ቤት ያለው፣ የዌልሽ ጋዜጣ አሳታሚ። በመሪዮነዝሺር ማይክል ዲ. ጆንስ በምክር ቤቱ ውስጥ ዌልሽ መናገር አለብኝ ብሎ ተነሳ። ትናንት ባርኔጣ አውልቆ በኋላ በር ይገባ የነበረ ሰው ዛሬ በዋናው ወንበር ተቀምጦ በእናቱ ቋንቋ ሲናገር ምን እንደተሰማው መገመት አያስቸግርም። ባለርስቶቹ አንድ ነገር ግን በእጃቸው አስቀርተዋል። ፖሊስ ሙሉ በሙሉ ለምክር ቤቱ አልተሰጠም፤ ግማሹ ዳኞች ግማሹ የምክር ቤት አባላት በሆኑበት የጋራ ኮሚቴ ሥር ነው የተደረገው። ሥልጣን ሲያስረክቡ ቁልፉን ማስቀረት ይሉታል ይህን።

ወደ 1902 ልዝለል፤ እሳቱ የተጫረው ያኔ ነው። የባልፎር ወግ አጥባቂ መንግሥት በዲሴምበር የትምህርት ሕግ አወጣ። ከ1870 ጀምሮ በሕዝብ የሚመረጡት የትምህርት ቤት ቦርዶች ፈረሱ፤ ሥራቸው ለካውንቲና ለከተማ ምክር ቤቶች ሆነ። ከዚህ ጋር፣ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንና የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ከአካባቢ ግብር ገንዘብ እንዲያገኙ ተደረገ። ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድሩት 6 ሰዎች ሲሆኑ 4ቱን ቤተ ክርስቲያኒቱ፣ 2ቱን የአካባቢው ምክር ቤቶች ይሰይማሉ። መምህሩን የሚቀጥሩትም እነሱ ናቸው።

ይህ በእንግሊዝ ያናደደ ሕግ በዌልስ ለምን አጥንት ድረስ ዘለቀ? በአብዛኛው የዌልስ ገጠር ሕዝቡ እሑድ የሚሄደው ወደ ጸሎት ቤት ነው፤ ወደ ካልቪናዊ ሜቶዲስቶች፣ ወደ ነጻ ጉባኤዎች፣ ወደ ባፕቲስቶች፣ ወደ ዌስሊያኖች። በብዙ መንደር ግን ያለው አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ነው፤ እሱም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ነው። አባት በማያምንበት ትምህርት ልጁን ሲያስተምር ኖሯል፤ አሁን ደግሞ ክፈልበት ተባለ። የዚያው ጸሎት ቤት ልጅ ጎበዝ ሆና ብታድግ እንኳ በዚያ ትምህርት ቤት ዋና መምህርት የመሆን ዕድል የላትም።

በእንግሊዝ ብዙዎች የመረጡት መንገድ ግብሩን አለመክፈል ነበር። ጆን ክሊፎርድ የተባለ ታዋቂ የባፕቲስት ሰባኪ ይመራቸው ነበር። ዕቃቸው ተወረሰ፣ አንዳንዶቹም ታሰሩ። ሎይድ ጆርጅ ግን ዌልስን ወደ ሌላ መንገድ ወሰዳት። እሱ በ1889 ገና በ26 ዓመቱ የካርናርቮንሺር ምክር ቤት አልደርማን የሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት በ18 ድምፅ ብልጫ ፓርላማ የገባ የገጠር ጠበቃ ነው። ሐሳቡን በአማርኛ ላስቀምጠው፦ ግብሩን አትከልክሉ፤ ግብሩ የሚገባበትን ካዝና ያዙ። ሕጉ ምክር ቤቱን ከፋይ ካደረገው ከፋዩ እኛ እንሁን። ሕዝብ የማይቆጣጠረው ትምህርት ቤት፣ መምህሩን በሃይማኖቱ የሚመርጥ ትምህርት ቤት፣ ከአካባቢው ግብር ሰባራ ሳንቲም አያገኝም። በጁን 1903 ካርዲፍ ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ይህንኑ አጸና። ከዚያ በኋላ የ1904ቱ ምርጫ የመንገድና የድልድይ ምርጫ መሆኑ ቀረ።

አሁን ወደ ጓዳው።

የዌልስ ጸሎት ቤት ከመድረኩ ሥር፣ ፊቱን ወደ ሕዝቡ ያዞረ መቀመጫ አለው። ዲያቆናቱ የሚቀመጡበት ነው። ዲያቆን ስል ቅዳሴ የሚያገለግለውን የእኛን ዲያቆን አታስቡ፤ እዚያ ዲያቆን ማለት የተከበረ ምዕመን ነው፤ ባለሱቅ፣ የራሱ ከብት ያለው ገበሬ፣ የድንጋይ ካባ ተቆጣጣሪ። ያንን መቀመጫ በዌልሽ «ሴት ቫውር» ይሉታል፤ ትልቁ ወንበር ማለት ነው። ቃሉን መጀመሪያ ስሰማ የአማርኛ ጆሮዬ ቆመ፤ «ሴት» በእነሱ ቋንቋ ወንበር ነውና። በዚያ ወንበር ላይ ግን ያኔ ሴት አትቀመጥም ነበር። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

ከአዳራሹ ጀርባ ደግሞ ሌላ ክፍል አለ። የሰንበት ትምህርት የሚሰጥበት፣ የሳምንቱ ጉባኤ የሚደረግበት፣ ሻይ የሚፈላበት። ምሽቱን እዚያ የሚሰበሰቡት ጥቂት ሰዎች ናቸው ዕጩውን የሚቆርጡት። ምርጫ ክልሉ አንድ ወንበር ብቻ ነው ያለው፤ ስለዚህ ሁለት ሊበራል ቢወዳደር ወግ አጥባቂው በመሃል ሾልኮ ይገባል። ማን ይቁም የሚለው ጥያቄ ከፖሊቲካ ይልቅ የጸሎት ቤቶች ሚዛን ነው። ሸለቆው ላይኛው ጫፍ ሜቶዲስት ከሆነ፣ ታችኛው ደግሞ ባፕቲስት ከሆነ፣ ሰውየው ከላይ ቢመጣ ከታች ያሉት ያኮርፋሉ። ያለፈው ጊዜ የእናንተ ነበር፣ አሁን የእኛ ነው ይባላል። እነዚህ ማኅበረ ምዕመናን በጥምቀትና በመንፈሳዊ ሥልጣን ጉዳይ ለትውልዶች ተከራክረዋል። የ1902ቱ ሕግ ያደረገላቸው ትልቅ ነገር ይህን ሁሉ ክርክር ለአንድ ክረምት ወደ ጎን ማስቀመጡ ነው። ባልፎር ሳያስበው ያስታረቃቸውን ያህል ማንም ሰባኪ አስታርቋቸው አያውቅም።

ጓዳው ሌላም ጥቅም ነበረው፤ ገንዘብ። ከ1880ዎቹ ጀምሮ የምርጫ ሕጎች ጠንክረዋል። መራጭ ለማመላለስ ጋሪ መከራየት አይፈቀድም፤ መጠጥ ቤትን የምርጫ ኮሚቴ ጽሕፈት ቤት ማድረግም ክልክል ነው። መጠጥ መግዛትማ ወንጀል ነው። ይህ ሁሉ የጎዳው ማንን ነው? ቀድሞ በመጠጥና በድግስ ድምፅ የሚሰበስበውን ወገን ነው። ጸሎት ቤቱ ግን የሚሞቅ ክፍል አለው፣ ወንበር አለው፣ መብራት አለው፣ የሚጽፍ እጅ አለው፣ ሻይ የሚያፈሉ እናቶች አሉት፤ አንዱም በሕጉ ወጪ ተብሎ አይመዘገብም። ጋሪ በነጻ ማዋስ ስለሚፈቀድ ባለርስቶቹ የሚያምሩ ሠረገሎች ያሰልፋሉ። ገበሬው በጌታው ሠረገላ ተሳፍሮ ሄዶ፣ አመስግኖ ወርዶ፣ ጸሎት ቤቱ ላቀረበው ሰው ምልክት አድርጎ መመለስ ይችላል። ይህን ማድረግ የሚችለው ግን ስለ ቁጥሯ ያለው ፍርሃት ሲለቀው ነው። የቀስቃሹ ትልቁ ሥራ ደግሞ ይኸው ነበር፤ በር አንኳኩቶ ስለ ትምህርት ሕግ ማውራት ሳይሆን፣ እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ወረቀቱ እንዴት እንደሚታጠፍ ማሳየት፣ ጉርዱ እንደሚታሸግ መንገር። ይህን ሲነግረው የሚያምነው የገዛ ዲያቆኑን ነው። እኔ ለእናታችን የነገርኳቸውን፣ ያኔ ዲያቆኑ ለመንደሩ ነግሮታል።

ከዚህም በፊት የሚያልቅ ሥራ አለ፤ መዝገቡ። በምርጫ ሥራ ውስጥ ያለፈ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ስምህ ከሌለ ድምፅህ የለም። የመምረጥ መብቱ ከቤትና ከአካባቢ ግብር ጋር የተያያዘ ስለነበር በየዓመቱ መዝገቡ ሲታደስ ስም ይገባል፣ ስም ይወጣል። ቤት የቀየረ፣ ግብር ያላስገባ፣ ከድሆች መደጎሚያ የተቀበለ ሰው ሊሰረዝ ይችላል። የሁለቱም ፓርቲ ወኪሎች የራሳቸውን ሰው ለማስገባት፣ የሌላውን ለማስወጣት ይከራከራሉ። ብዙ ሰው የማያየው ይህ ክርክር፣ በማርች ቀዝቃዛ ቀን ከተደረገው ንግግር ሁሉ ይበልጣል ብል አላጋነንኩም። ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን ወደ ደቡብ የከሰል ማዕድን እንደወረደ ከጸሎት ቤቱ ጸሐፊ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የአባላት መዝገብ በእጁ ነው።

ሴቶቹን ልመለስባቸው። በካውንቲ ምክር ቤት ምርጫ፣ በስሟ ግብር የምትከፍል ያላገባች ሴት ወይም ባሏ የሞተባት ከ1889 ጀምሮ ድምፅ ትሰጥ ነበር። በፓርላማ ምርጫ ይህ መብት አልነበራትም። ባል ያላት ግን በሁለቱም የለችም። ስለዚህ በመሪዮነዝሺር ኮረብታ ላይ ያለች አንዲት ባለእርሻ መበለት በዚያ ምርጫ ተፈላጊ ሰው ናት፤ ዲያቆኑ ራሱ ደጇ ይመጣል። እሷ ግን በምክር ቤቱ ልትቀመጥ አትችልም፤ ያ የተፈቀደው በ1907 ነው። ሻይ አፍልታ፣ ስም ጽፋ፣ የልጆቿ የትምህርት ቤት ጉዳይ ያስለቀሳት እሷን ሆኖ ሳለ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ የሚወስነው ክፍል በር ላይ ትቆማለች። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል። የዚያን ዓመት ድል የሕዝብ ድል ነው ብዬ በሙሉ አፌ ለመናገር ይተናነቀኛል።

ሌላም የሚተናነቅ ነገር አለ። የምክር ቤት አባል ያኔ ደመወዝ አልነበረውም፣ አበልም አልነበረውም። ስብሰባው በሥራ ቀን በካውንቲው ከተማ ነው፤ የባቡሩንም የሚከፍለው ራሱ ነው። በካርናርቮንሺር የቤተዝዳ ካባ ሠራተኞች፣ ወደ 2,800 የሚሆኑ፣ በኖቬምበር 1900 ከሎርድ ፔንሪን ካባ ወጥተው ለ3 ዓመታት ያህል በሥራ ማቆም ተርበዋል፤ ገና በ1903 መጨረሻ ነው ተሸንፈው የተመለሱት። ከመካከላቸው የቀን ደመወዙን ጥሎ ምክር ቤት የሚቀመጥ ስንት ይገኛል? ስለዚህ ባለርስቱ ሲነሳ የተቀመጠው ባለሱቁና ደህና ገበሬው ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ በእኔ እምነት ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ባለሱቁን በሦስት ዓመት መሻር ይቻላል። ቢሆንም ካባ ጠራቢው እዚያ አልነበረም።

የምርጫው ቀን ራሱ ብዙም የሚወራለት አይደለም። በርካታ ምርጫ ክልሎች ጭራሽ ድምፅ አልተሰጠባቸውም። የአቅራቢ፣ የደጋፊና የሌሎች 8 መራጮች ፊርማ ያለበት ወረቀት ገብቶ ተፎካካሪ ካልመጣ ሰውየው ተመረጠ ይባላል፤ አለቀ። የወግ አጥባቂዎቹ ወኪልም ስም መቁጠር ያውቃል፤ ከመሸነፍ አለመወዳደር የሚሻልበትን ቦታ ለይቶ ይተወዋል። ምርጫ ባለበት ቦታ ደግሞ ጣቢያው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ክፍት ነው፤ ኮሮጆው ታሽጎ ይሄዳል፣ ይቆጠራል። ውጤቱን አስቀድሜ ነግሬያችኋለሁ፤ 13 ከ13።

ከቆጠራው በኋላ አንድ ሌላ ምርጫ አለ፤ ሕዝቡ የማይጠራበት። የተመረጡት አባላት ተሰብስበው ከራሳቸው ቁጥር ሲሶ የሚያህሉ አልደርማኖችን ይመርጣሉ። አልደርማን ለ6 ዓመት ይቀመጣል፤ ተራው አባል ግን ለ3። የግድ ከተመረጡት መካከል መሆንም የለበትም፤ ከውጭ መጥራት ይቻላል። ሎይድ ጆርጅ ራሱ በ1889 የገባው በዚህ በር ነው፤ የማንም ምርጫ ክልል ሕዝብ ድምፅ ሳይሰጠው። በጓዳ የተቀመጠ ሰው ይህን እንዴት እንደሚጠቀምበት መናገር አያስፈልግም። የተሸነፈ ወዳጅ ይነሳል፣ ያኮረፈ ጸሎት ቤት ይካሳል፣ ጠባብ ብልጫ ይሰፋል። ባለርስቶቹን ያስወጣው ሕግ ራሱ ይህን መስኮት ክፍት ትቶላቸው ነበር፤ ሊበራሎቹም ሳያመነቱ ገቡበት።

ካዝናው በእጅ ከገባ በኋላ ሥራው ተጀመረ። እዚህ ላይ እጅግ የምወደው ዝርዝር አለ፦ ጠቡ የተካሄደው በሃይማኖት ክርክር አይደለም፤ በሕንጻ ምርመራ ነው። ሕጉ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሕንጻውን በራሱ ወጪ ደህና አድርጎ መያዝ አለበት ይላል። ምክር ቤቶቹ መሐንዲሶቻቸውን ላኩ። ጣራው ያፈሳል፣ መስኮቱ አነስተኛ ነው፣ መጸዳጃው አይረባም፣ ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ የለም። ይህን ካላስተካከላችሁ ከግብር የሚከፈል የለም። ከማዕከላዊው መንግሥት የሚመጣውን ድጎማ እናስተላልፋለን፤ የራሳችንን ግብር ግን አንጨምርም። ብዙዎቹ ሕንጻዎች በእርግጥም አሮጌ ስለነበሩ መልስ መስጠት አስቸጋሪ ሆነ።

በዚህ መሃል የተጎዱትን ግን መዝለል አልችልም። በካርዲፍና በመርተር ያሉ የአየርላንድ ወደብና ማዕድን ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት በካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው። እነሱ ማንንም ከመሬት አልነቀሉም፤ የማንም ጌታ አልነበሩም። ገንዘቡ ሲያዝ ግን የእነሱም ተያዘ። በየመንደሩም በወር መጨረሻ ደመወዝ ይመጣ ይሆን እያለ የሚያድር መምህር ነበር። ትክክለኛ ጥያቄ በደካማው ጀርባ ላይ ሲጫን ጥያቄው ሐሰት አይሆንም፤ ሸክሙ ግን ሸክም ነው።

ለንደን መልስ ሰጠ። በ1904 ባልፎር አዲስ ሕግ አመጣ፤ ግዴታውን ያልተወጣ ምክር ቤት ካለ የማዕከላዊው መንግሥት የትምህርት ቦርድ ገንዘቡን በቀጥታ ለትምህርት ቤቶቹ ይከፍልና ከምክር ቤቱ ድጎማ ይቀንሳል። በዌልስ «ዌልስን የማስገደጃ ሕግ» ተባለ። በኦገስት ሎይድ ጆርጅና ጓዶቹ ክርክሩ ላይ ተቃውመው ከፓርላማው ወጡ። በኦክቶበር ካርዲፍ ላይ የተሰበሰቡት የምክር ቤቶች ተወካዮች፣ ሕጉ ከመጣብን ልጆቹን ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች አውጥተን በጸሎት ቤቶች እናስተምራለን አሉ። ያው ጓዳ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ደግሞ ክፍል ሊሆን። ሕጉ መጀመሪያ ያረፈው በመሪዮነዝሺር ላይ ነው፤ በ1859 ጭሰኞች በተነቀሉበት።

አሁን በጣም ጠጋ በሉ፤ ከሹክሹክታም ሹክሹክታው ይሄ ነው። ሎይድ ጆርጅ በየአዳራሹ በቤተ ክርስቲያኒቱ ላይ እሳት ሲተፋ፣ ከሴንት አሳፍ ጳጳስ ከኤ. ጂ. ኤድዋርድስ ጋር ይነጋገር ነበር። በ1903 ላንድሪንዶድ በምትባል የጠበል ከተማ የሁለቱም ወገን ሰዎች ለስምምነት ተቀምጠዋል። አጠቃላዩ ሐሳብ፣ ትምህርት ቤቶቹ በሕዝብ ቁጥጥር ሥር ይሁኑ፣ የሃይማኖት ትምህርትም በቤተ ክርስቲያኒቱ ፍላጎት ሊሰጥ ይቻል የሚል ነበር። አልሆነም፤ ከሌሎቹ ጳጳሳትና ከወግ አጥባቂዎቹ ብዙዎቹ አልፈለጉትም። በየመንደሩ ግን ዲያቆኑ «ከእነሱ ጋር ድርድር የለም» ብሎ ጎረቤቱን ሲያስምል፣ አለቃው ከጳጳሱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አንዳንዶች ይህን ክህደት ይሉታል። እኔ አልለውም። ምርጫ የሚያሸንፍ ሰው ከምርጫው ማግስት ከማን ጋር እንደሚኖር ቀድሞ ቢያስብ አያስወቅሰውም። የሚያስወቅሰው፣ ለዲያቆኑ አለመንገሩ ነው።

በዲሴምበር 1905 ባልፎር ወረደ። በ1906ቱ አጠቃላይ ምርጫ በዌልስ አንድም ወግ አጥባቂ አልተመረጠም። ሎይድ ጆርጅ ሚኒስትር ሆነ፤ ሊበራሎቹም በዚያው ዓመት የትምህርት ሕጉን የሚቀይር ረቂቅ አቀረቡ፤ የሎርዶች ምክር ቤት ገደለው። የ1902ቱ ሕግ መሠረቱ ሳይነቃነቅ እስከ 1944 ዘለቀ። አንከፍልም ያሉት ምክር ቤቶች ቀስ በቀስ ከፈሉ። ግን ትምህርቱን ያስተዳደሩት እነሱ ናቸው፤ በ1907 ለዌልስ የራሷ የትምህርት ክፍል ተቋቋመ፤ ዋና ተቆጣጣሪ የሆነው ኦ. ኤም. ኤድዋርድስ ነበር፤ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ዌልሽ በመናገሩ የተቀጣ ሰው።

የቤተ ክርስቲያኒቱ ጉዳይ የተቋጨው ደግሞ በሌላ መንገድ ነው። በዌልስ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን መሆኗ በ1914 በሕግ ቀረ፤ ጦርነቱ አዘግይቶት በ1920 ተፈጸመ። አዲሲቱ የዌልስ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያውን ሊቀ ጳጳሷን መረጠች፤ የሴንት አሳፉን ኤድዋርድስን። በዓለ ሢመቱ በጁን በዚያችው በሴንት አሳፍ ሲደረግ ከለንደን ከመጡት እንግዶች መካከል የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር። ሎይድ ጆርጅ።